ገል የሚናገረው፦ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች የገበሬውን ጓዳ ለምን ይቆጥራሉ?

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ወደ አንድ አርሶ አደር ቤት ገቡ እንበል። ሜትር ዘርግተው ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ ምድጃው፣ መደቡና ጎታው በየት በኩል እንዳሉ በወረቀት ይነድፋሉ። ቀጥለውም «እማማ፣ በዚህ ቤት ስንት እንስራ፣ ስንት ድስት፣ ስንት ጋን አለ? ይህኛው መቼ ተገዛ? ከማን ተገዛ? የተሰበረውስ የት ተጣለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የቤቱ እመቤት መገረማቸው አይቀርም። በገጠሩ ደብተር ይዞ የቤት ዕቃ የሚቆጥር እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚታሰበው ግብር፣ የዕርዳታ ምዝገባ ወይም የመሬት ልኬታ ነውና።

ይህ ዓይነቱ ቆጠራ ግን በአርኪዮሎጂ ሙያ የታወቀ የምርምር ስልት ነው። ዛሬ በሕይወት ያለው ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚሠራ፣ እንደሚገለገልበትና እንደሚጥለው በቅርብ በማየት ከመሬት በታች የተገኘውን የጥንት ስብርባሪ ለመረዳት የሚደረግ ጥናት ነው። ባለሙያዎቹ ኢትኖአርኪዮሎጂ ይሉታል። ኢትዮጵያ በዚህ ዘርፍ በዓለም ከሚጠቀሱት አገሮች አንዷ ናት። ጥናቱ በጋሞ ደጋ፣ በኮንሶ፣ በምሥራቅ ትግራይና በወለጋ ተካሂዷል። ከአምቦ ተነሥቶ በጌዶና በባኮ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የሚደርሰው ወለጋ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለምዕራብ ሸዋ ነዋሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ከድንጋይ መሣሪያ እስከ ቤተ መንግሥት ያለው ክፍተት

ታሪክ ሲነሣ በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው ሐውልት፣ ቤተ መንግሥትና የእምነት ቦታ ነው። በምዕራብ ሸዋም ቢሆን ጎብኚ የሚጠይቀው ዳግማዊ ምኒልክ ለዋና ከተማነት አስበዋት ስለነበረችው ስለ አዲስ ዓለም ነው። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሥፍራ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑ በሰፊው ይነገራል። በሌላው ጫፍ ደግሞ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ አለ። እጅግ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ይህ ሥፍራ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን ግን እጅግ ረጅም ነው። በዚያ ዘመን መሬቱን ያረሰው፣ ከብት ያረባው፣ ጠላ የጠመቀው ሰው በጽሑፍ የተወው ነገር ጥቂት ነው። የጀርመን ተመራማሪዎች ከደንዲ ሐይቅ ሥር ያለውን ደለል በቱቦ አውጥተው በመመርመር ባለፉት ብዙ ሺህ ዓመታት የዝናቡ መጠን እንዴት ይለዋወጥ እንደነበር አጥንተዋል። ደለሉ ስለ ዝናብ ይናገራል። በሐይቁ ዙሪያ የኖረው ገበሬ ምን በልቶ እንዳደረ ግን አይናገርም። ይህን የሚናገረው የምድጃው አመድ፣ የጓሮው አፈርና የተሰበረው ገል ነው።

የተበላ ጋን

ከጓዳ ቆጠራ ምን እንደሚገኝ በግልጽ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ በጋሞ ደጋ የተካሄደው ነው። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጆን አርተር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሦስት መንደሮች፣ በእያንዳንዱ 20፣ በድምሩ 60 ቤቶችን መርጠው በየቤቱ ያለውን የሸክላ ዕቃ አንድ በአንድ መዘገቡ። የዕቃውን መጠን፣ አገልግሎት፣ ዕድሜና ጥገና ብቻ ሳይሆን፣ ከተሰበረ በኋላ ለምን እንደሚውልም ጠየቁ። ጋን ሲሰነጠቅ ወዲያው አይጣልም፤ ውኃ መያዝ ቢያቅተው እህል ይይዛል፣ አፉ ቢሰበር ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ይሆናል፣ ገሉም ቢሆን ፍም መጫሪያ ይሆናል። ይህን የምዕራብ ሸዋ እናቶችም ያውቁታል። ለአርኪዮሎጂስት ግን ትልቅ ትምህርት ነው፤ አንድ ዕቃ በቁፋሮ የተገኘበት ቦታ የተሠራለት ዓላማ የተከናወነበት ቦታ ላይሆን እንደሚችል ያስገነዝባልና።

ከጥናቱ ውጤቶች ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በዕቃዎቹ የውስጥ ገጽ ላይ የታየው ነው። የእህል መጠጥ በሚጠመቅባቸው ዕቃዎች ውስጥ በመፍላት ጊዜ የሚፈጠረው አሲድ የሸክላውን የውስጥ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከዓመታት በኋላ ውስጡ ይሻክራል፣ ይቦረቦራል፣ ይላላጣል። ጆን አርተር ይህ ምልክት በብዛት የሚታየው በሀብታሞቹ ቤት መሆኑን አስተዋሉ። ምክንያቱ ለገበሬ ግልጽ ነው። መጠጥ ለመጥመቅ ከቀለብ የተረፈ እህል ያስፈልጋል። ገብሱ ለቀለብ የማይበቃው ቤት ጋን ቢኖረውም እንኳ ደጋግሞ አይጠምቅበትም። ስለዚህ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ አንድ የተቦረቦረ ገል ከመሬት ቢወጣ፣ ተመራማሪው በዚያ ቤት እህል ተርፎ እንደነበር፣ ምናልባትም ጎረቤት ለደቦ ተጠርቶ እንደነበር መገመት ይችላል ማለት ነው። ጽሑፍ በሌለበት ስለ ድህነትና ስለ ሀብት የሚመሰክር የጋን ሆድ ተገኘ።

በወለጋም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ቡላ ዋዬሳ የኦሮሞ ሸክላ ሠሪ ሴቶችን የአሠራር ስልት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱን አሳትመዋል። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚቦካ፣ ዕቃው እንዴት እንደሚቀረጽና እንደሚተኮስ ደረጃ በደረጃ መዝግበዋል። ከአራት ዓመት በኋላም ከዳያን ላየንስና ከሌላ የሙያ ባልደረባቸው ጋር በመሆን የፋርሶን አጠማመቅና ለመጥመቂያ የሚውሉትን ዕቃዎች የሚመለከት ጥናት አውጥተዋል። የወለጋው ፋርሶ ከምዕራብ ሸዋው የራቀ አይደለም። በአምቦና በጉደር ዙሪያ ያሉ እናቶች የብቅሉን፣ የጌሾውንና የጋን እጠናውን ሥርዓት ሳያነቡት ያውቁታል።

ምጣድ፣ ዶሮና የሴቶች እጅ

ዳያን ላየንስ ቀደም ሲል ከካትሪን ዳንድሬያ ጋር በትግራይ የዳቦና የእንጀራ አጋገርን አጥንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ይህ ጥናት የሚነሣው ከቀላል ጥያቄ ነው፦ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ዳቦን በምድጃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጋግሩ የኢትዮጵያ ደገኛ ለምን ምጣድ መረጠ? መልሱን የፈለጉት በእህሉ ጠባይ ውስጥ ነው። ጤፍ፣ ማሽላና ዳጉሳ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዘው ሙጫ መሰል ፕሮቲን የላቸውም። እንዲህ ያለው ሊጥ ቀጥኖ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስስ ነው የሚያምርበት። እንግዲህ የምጣድ ገል ከጥንት ሠፈር ሲገኝ፣ ፍሬው በስብሶ ቢጠፋም እንኳ፣ ስለ እህሉ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል።

ይህ ፍንጭ ዋጋ የሚኖረው የጤፍ ፍሬ ራሱ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። ከመሬት በታች ለዘመናት የሚቆየውም በአብዛኛው በእሳት ከስሎ የቀረው ብቻ ነው። ተመራማሪዎች የምድጃውን አፈር ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይበትኑታል፤ አፈሩ ሲሰጥም የከሰለው ፍሬ ይንሳፈፋል፣ በጥሩ ወንፊትም ይለቀማል። ምስር ወይም ሽምብራ በውኃ ሲታጠብ ገለባው ወደ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ዘዴው አይጠፋውም።

ካትሪን ዳንድሬያ የመሩት ቡድን በምሥራቅ ትግራይ ሜዝበር በተባለ ጥንታዊ የገጠር መኖሪያ ባደረገው ቁፋሮ ከ2500 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። ጥናቱን ካወጡት መካከል ኢትዮጵያዊቷ ሄሊና ወልደኪሮስ ይገኙበታል። ዶሮ በአፍሪካ ምድር የተገራ እንስሳ አይደለም፤ ከእስያ የመጣ ነው። ዛሬ በየደጁ የምትጭረው ዶሮ በዚያ ዘመን ወደ አንድ ገበሬ ቤት መድረሷ ገጠሩ ከሩቅ ንግድ የተለየ እንዳልነበር ያሳያል። ይህ ማስረጃ የተገኘው ከነገሥታት መቃብር ሳይሆን ከገበሬ ግቢ ነው።

ከኮንሶ የተገኘው ደግሞ ብዙ ምሁራንን ሐሳባቸውን እንደገና እንዲመረምሩ አድርጓል። በዓለም ዙሪያ የድንጋይ መሣሪያ ሲገኝ «ወንድ አዳኝ የሠራው ነው» ማለት የተለመደ ነበር። ካትሪን ዊድማን አርተር በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች መሆናቸውን፣ መፋቂያውን ድንጋይም ራሳቸው ጠርበው እንደሚያዘጋጁት መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። ሙያው በልጅነት ተጀምሮ ለዓመታት በልምድ የሚጠና ነው። እነዚህ ሴቶች በአካባቢያቸው ዝቅ ተደርገው ይታዩ እንደነበር ሲታሰብ፣ ለዓለም ሳይንስ ያስተማሩት ነገር ክብደት ይበልጥ ይታወቃል።

ዝቅ ተደርጎ የመታየቱ ጉዳይ በምዕራብ ሸዋም በግልጽ ሊነገር ይገባዋል። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ለብዙ ዘመናት ምርታቸው ሲፈለግ እነርሱ ግን ከማኅበራዊ ኑሮ ሲገፉ ኖረዋል። በዚህ ላይ አሁን ገበያውም እየከዳቸው ነው። እንስራን ጀሪካን ተክቶታል፤ የሸክላ ድስትን ብረት ድስት፣ ወፍጮና መጅን የሞተር ወፍጮ፣ በከተማም የሸክላውንና የእንጨቱን ምድጃ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተክቷቸዋል። ለሴቶች ወገብና ጀርባ ሲባል ይህ ለውጥ የሚያስደስት እንጂ የሚያሳዝን አይደለም፤ ውኃ የተሞላ እንስራ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ይህን አይከራከርም። ይሁን እንጂ የዕቃው አሠራር ከመጨረሻዋ ባለሙያ ጋር ከተቀበረ፣ ወደፊት የሚወጣውን ገል የሚያስነብብ ሰው አይኖርም። የቆጠራው ጥድፊያም ከዚህ የተነሣ ነው።

ጓሮው ለምን ይጠቁራል?

ማንኛውም አርሶ አደር የጓሮ መሬት ከማሳ መሬት የተለየ መሆኑን ያውቃል። አመድ፣ እበት፣ የወጥ ቤት ጥራጊና የከብት ሽንት ለዓመታት የሚደፋበት አፈር ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ጎመንና ድንች ያበቅላል። በግብርና ትምህርት ቤት ይህ ልዩነት በፎስፈረስና በበሰበሰ ተዋጽኦ ክምችት ይገለጻል። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ የመቆየት ጠባይ ስላለው በቀላሉ ታጥቦ አይሄድም። አርኪዮሎጂስቶች ይህንኑ ጠባይ ይጠቀሙበታል። ቤቱ ፈርሶ፣ ምሰሶው በስብሶ፣ መሬቱ ለብዙ ዘመን ከታረሰ በኋላም በየጥቂት ሜትሩ የአፈር ናሙና ወስደው ፎስፈረስ የበዛበትን ሥፍራ በካርታ ላይ ያመለክታሉ። በረቱ የነበረበት፣ አመድ የሚደፋበት፣ በንጽሕና ተጠርጎ የሚኖርበት ቦታ ተለይቶ ይወጣል።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1947 በግብርና ትምህርት ቤትነት ሥራ የጀመረችው አምቦ፣ በግብርና ምርምር የታወቁት ሆለታና ባኮም በአቅራቢያዋ እያሉ፣ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ጥሩ መሠረት አላት። የአፈር ላቦራቶሪው፣ የእህል ዝርያ ዕውቀቱና ከገበሬ ጋር የመሥራት ልምዱ በአካባቢው አለ። የታሪክ ተማሪና የአፈር ተማሪ በአንድ ጓሮ ቢገናኙ ሁለቱም የሚማሩት አያጡም።

ሽማግሌዎች የመሩት ቁፋሮ

ምርምሩ ከሕዝቡ ጋር ሲሠራ ምን ሊገኝ እንደሚችል የሚያሳየው ታሪክ እንደገና ከጋሞ ነው። ካትሪንና ጆን አርተር ከማቲው ከርቲስ ጋር ሆነው በቦረዳ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ለዓመታት ሲሠሩ፣ ቀደምት ሠፈሮችንና ዋሻዎችን ያሳዩአቸው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ሞታ የተባለው ዋሻ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዋሻው በተደረገው ቁፋሮ 4500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የወንድ አፅም ተገኘ። ስሙም በጋሞ ቋንቋ «በኩር» የሚል ትርጉም ያለው ባይራ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፅሙ የተወሰደው ዘረመል ሙሉ በሙሉ ተነብቦ ሲታተም፣ ከጥንታዊ አፍሪካዊ ሰው የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ የዘረመል ንባብ ሆነ። በጥናቱ ከተደረሱት መደምደሚያዎች አንዱ በስሌት ስህተት የተጋነነ ሆኖ በመገኘቱ አዘጋጆቹ በቀጣዩ ዓመት በይፋ አርመውታል። ሳይንስ እንዲህ ራሱን ማረሙ ለአንባቢ ሊሰወር የሚገባው አይደለም። አፅሙም ሆነ ዋሻው ግን በቦታቸው የታወቁት የአካባቢው ሰው መንገድ ስላሳየ ነው።

በኢትዮጵያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡ ይጠበቅባቸዋል። የመስክ ተማሪዎች ወደ መንደር ሲወጡ ይህ ግዴታ በጓዳ ደጃፍ ላይ ይፈተናል። ቅሬታው የቆየ ነው፦ ተመራማሪ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል፤ ውጤቱም ገበሬው በማያነበው ቋንቋ፣ በማያየው መጽሔት ይታተማል። ቅሬታው እውነትነት አለው።

ስለዚህ ቤቱን የሚያስጠና ቤተሰብ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከተቋሙና ከወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ ማየት መብቱ ነው። ተማሪው የጥናቱን ዓላማ ቤተሰቡ በሚናገረው ቋንቋ ማስረዳት አለበት፤ በምዕራብ ሸዋ ይህ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው። ቤተሰቡ «ይህን ክፍል አታንሡ፣ ይህን ዕቃ አትንኩ» ማለት ይችላል። ስሙ እንዳይጻፍ መጠየቅም ይችላል። የሚመዘገበው የድሃውንና የሀብታሙን ቤት ልዩነት ስለሚያሳይ፣ የአንዱን ጓዳ ምስጢር ለሌላው ማውራት ነውር ብቻ ሳይሆን የሙያ ጥፋትም ነው። ወቅቱም ይታሰብ። በሰኔና በሐምሌ ዘር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለን ገበሬ ለሦስት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ማስቀመጥ ከእርሻው ላይ ቀን መስረቅ ነው። እናቶችም ቢሆኑ ምጣድ ላይ እያሉ መጠየቅ የለባቸውም፤ ምንም እንኳ ለአጥኚው የሚጠቅመው ሰዓት ያ ቢሆንም፣ አስፈቅዶ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ጥናቱ ሲያልቅ ደግሞ የሚመለስ ነገር መኖር አለበት። የቤቱ ንድፍ ቅጂ፣ የአያት ቃል የተቀዳበት ድምፅ፣ ፎቶግራፉ፣ ለቀበሌው ትምህርት ቤት በአካባቢው ቋንቋ የተዘጋጀ አጭር ጽሑፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ማረሻ ቅርስ ሲነካ

በምርምር ቡድን ያልተጎበኘ ገበሬም ቢሆን ከጥንት ነገር ጋር የሚገናኝበት ቀን አለ። ማረሻው ገል ያወጣል፤ ለመሠረት ወይም ለሽንት ቤት ሲቆፈር አጥንት፣ የወፍጮ ድንጋይ ወይም የተነጠፈ አመድ ይታያል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእንዲህ ያለ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ያገኘውን ላስረከበም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ለጥበቃው ያወጣው ወጪ ካለም እንዲተካለት ይደነግጋል። በሌላ በኩል ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ይህ መምህርንም፣ ተማሪንም፣ ወርቅ አለ ተብሎ ሌሊት አካፋ ይዞ የሚወጣውንም ይመለከታል።

ወርቅ የሚሉት ወሬ ብዙ ጥፋት አድርሷል። ተመራማሪ የሚለካውንና የሚጽፈውን ያየ ሰው ከሥሩ ሀብት ያለ እየመሰለው፣ ተመራማሪው በሄደ ማግስት ቦታውን ይገለብጠዋል። የሚያገኘው ገል፣ ከሰልና አመድ ነው። የጠፋው ግን የነገሮቹ አቀማመጥ ነው። ገሉ ከምድጃው አጠገብ ነበር ወይስ ከበረቱ? ከሰሉ ከገሉ በላይ ነበር ወይስ በታች? ይህ ከተምታታ ዕቃው ወደ ቤተ ሙዚየም ቢገባም የሚለው ነገር አይኖረውም። ከየት ማሳ እንደተወሰደ ያልተጻፈበት የአፈር ናሙና ለላቦራቶሪ ምን ይረባል?

ስለዚህ ያልተለመደ ነገር ያገኘ ሰው ቁፋሮውን እዚያው ያቁም። ዕቃውን አያጥበው፤ ውስጡ የተጣበቀው ጥላሸትና የምግብ ቅሪት ከዕቃው ይልቅ ሊናገር ይችላልና። ሳያነሣው በስልኩ ፎቶ ያንሣው፣ ሥፍራውን በድንጋይ ወይም በእሾህ አጥር ምልክት ያድርግበት፣ ከብትና ሕፃናት እንዳይረግጡት ያድርግ፣ ከዚያም ለቀበሌው አስተዳደርና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። የሰው አፅም ከሆነ ደግሞ አዲስ ይሁን ጥንታዊ በዓይን ብቻ ስለማይለይ፣ አስቀድሞ የሚነገረው ለፖሊስ ነው።